የቀን እናት

ደክሞኛል። ይሄን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ነገሬ ልግባ። ሰባት ልጅ ቤቷ የምታውል ሴት ደከመኝ ስትል «ቁጭ ብለሽ ምን ሠራሽና?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ እንዲህ የሚለው ሰው አንዲት ቀን መጥቶ ይሞክረው። አንዱ ሲተኛ አንዱ ይነሣል፣ አንዱን ሳጥብ ሌላው አመድ ይቅማል። ገና ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ወገቤ ግን አሮጊት ሆኗል።

ስሜ ሥራነሽ ነው። ቤቴ ደብረ ማርቆስ ከገበያው ዝቅ ብሎ ነው። ባሌ መንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ በሦስት ወር አንዴ ብቅ ይልና ውበቱ የሚባለውን ትንሹን ልጃችንን አገላብጦ ስሞ ይመለሳል። ገበያ የሚውሉ ሴቶች ጠዋት ልጆቻቸውን አስረክበውኝ ይሄዳሉ፣ ሲመሽ ይወስዳሉ። ይሄን ነገር ማንም ሥራ ብሎት አያውቅም ነበር። ሥራ ነው ያለችው ሲስተር ኢንግሪድ ናት።

ሲስተር ኢንግሪድ ከስዊድን የመጣች ነርስ ነበረች። አምና በመስከረም፣ በስልሳ ሦስት መሆኑ ነው፣ ልጅ የሚያውሉ ሴቶች ይሠልጥኑ ብላ አሥራችንን ሰበሰበችን። ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጆቻችንን አዝለን፣ ጎትተንም፣ ጤና ጣቢያው አዳራሽ እንሄዳለን። እሷ በቋንቋዋ ትናገራለች፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር አስማማው ያስተረጉማል። አስማማው ሚስት ያላገባ ዓይነ አፋር ሰው ነው፤ ስለ ጡትና ስለ ሽንት ጨርቅ ሲተረጉም ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር።

ሲስተር ስለ አገሯ ስታወራ ፊቷ ይበራል። እዚያ እንደ እኔ ያለችውን ሴት የቀን እናት ይሏታል አለችን። የቀን እናት ከአራት ልጅ በላይ አትይዝም። ማዘጋጃ ቤቱ ያሠለጥናታል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ይከፍላታል፣ በወር አንዴ ደግሞ ተቆጣጣሪ በብስክሌት እየመጣች አልጋውን፣ ምድጃውን፣ ደብተሩን ታያለች። ልጁ ምን በላ፣ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ጊዜ ወጣለት፣ ሁሉም ይጻፋል። ጎረቤቴ ማንጠግቦሽ «ያም መዝገብ ይገባል?» ብላ ጠየቀች፤ አስማማው እንዳልሰማ ሆኖ አለፈው።

አንድ ቀን ደግሞ «ክረምት ሲሆን ልጆቹን በጋሪ አድርገን ደጅ በረዶው ላይ እናስተኛቸዋለን፤ ንጹሕ አየር ያጠነክራቸዋል» አለችን። እኛ የጮቄ ተራራ ነፋስ ሲነሣ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበን በር የምንዘጋ ሴቶች እርስ በርስ ተያየን። «የእንጀራ እናት ናቸው እንዴ?» ስል ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። ሲስተርም ሳይገባት አብራን ሳቀች።

እሷም በበኩሏ እኛ ቀኑን ሙሉ ልጅ በአንቀልባ ማዘላችን አይገባትም። ልጁ ይውረድና ይዳህ ትላለች። «መሬቱ ቁንጫ ነው፣ መሀሉ እሳት ነው፣ የት ይዳህ?» አልኳት። ጻፈችው። ይሄን ነገሯን እወድላት ነበር፤ የነገሯትን ትጽፋለች። ጡጦ በቀን አምስት ጊዜ ተቀቅሎ ይታጠብ ያለች ዕለትም «እንጨቱን ማን ይገዛል?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። በእነሱ ቤት የሞቀ ውኃ ከግድግዳ እንደሚወጣ ያወቅነው ያን ቀን ነው። ቢሆንም ይቀቀል አለች።

እኔ ልጅ ሳለሁ ከወንድሞቼ ጎን ቁጭ ብዬ ፊደል ቆጥሬያለሁ። ከአሥራችን ደብተር መያዝ የምችለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሲስተር ወደደችኝ። በሰኔ ሥልጠናው ሲያልቅ ወረቀት ይሰጣል፣ አንዲት ሴት ደግሞ በወር ደመወዝ ተቀጥራ የደብረ ወርቅ ሴቶችን ታሠለጥናለች ተባለ። እኔ እንደምሆን ሁሉም ያውቃል። እንደ ሰው በወንበር ተቀምጬ ሳወራ፣ የሌላ ሰው ንፍጥ ሳልጠርግ ስውል በሐሳቤ ይታየኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር በጣም ጓጉቼ ነበር።

ደብተሬ ውስጥ ግን አንድ ውሸት ነበር።

ከማውላቸው ልጆች አንዷ መዲና ናት፣ የሸምሲያ ልጅ። ሸምሲያ ጨውና በርበሬ ነጋዴ ናት። ባሏ መዲና ሳትወለድ ሞቷል። ረቡዕ ቀን ሮብ ገበያ የሚባል ስፍራ ትወርዳለች፣ ሌላ ቀን ጉንደ ወይን ትሄዳለች፤ ሲርቅባት አድራ ትመጣለች። በዚህ ሁሉ መንከራተት ጡቷ ደረቀና መዲናን በሦስት ወሯ አመጣችልኝ። በር ላይ ቆማ ያለችኝን አልረሳውም።

«ሥራነሽ እህቴ፣ እንደ ልጅሽ እያት፣ ስታጠፋም ቆንጥጫት። ጡትሽን ብቻ አደራ እንዳትሰጫት። ጡት የሰጠች እናት ናት፣ በእኛም በእናንተም። ነገ ልጄ ናት፣ ክርስትና ላስነሣት ብትዪኝ ምን አፍ ይኖረኛል? የባሌ ወንድም ሼህ አሊም ይሄን ከሰማ ከጉያዬ ነጥቆ ወሎ ላሉ ዘመዶቹ ነው የሚሰጥብኝ። እኔ ከሷ ሌላ ማን አለኝ?»

«ማርያምን፣ አላደርገውም» አልኳት። ስምልም ከልቤ ነበር።

ሲስተር ለእናት አልባና ለነጋዴ ልጆች ብላ የዱቄት ወተት በቆርቆሮ፣ ከጡጦ ጋር ሰጠችን። መዲና ጡጦውን አየችው፣ ቀመሰችው፣ ተፋችው። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። በማንኪያ ብሰጣት በአፍንጫዋ ይመለሳል። ሸምሲያ ጉንደ ወይን ነበረች። በአራተኛው ቀን ልጅቷ ድምፅዋ ጠፍቶ አፏ ብቻ ማልቀስ ጀመረ። ውበቱ ያኔ ገና ይጠባል፤ ጡቴ ሞልቶ ቀሚሴን ያርሰዋል። ምን ላድርግ? ሰው አይደለሁም? በሩን ዘጋሁና ሰጠኋት። ዓይኗን ጨፍና፣ ጣቴን ጨብጣ ጠባች። አለቀስኩ፤ ግማሹ ደስታ ነው፣ ግማሹ የመሐላዬ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። ትልልቆቹ ልጆች ደጅ ሲጫወቱ ጓዳ እገባለሁ፣ አንዱን በግራ አንዷን በቀኝ አድርጌ አጠባለሁ። ደብተሬ ላይ «መዲና፣ ጡጦ፣ ሦስት ጊዜ» ብዬ እጽፋለሁ። ዱቄቱን ለሌሎቹ ልጆች ገንፎ ላይ እነሰንሰዋለሁ። ለሸምሲያ ስንት ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ የእስላም ልጅ አጠባሽ ብለው ንስሐ እንዳያከብዱብኝ ፈራሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ወር ሄደ።

መዲና ወፈረች። ጉንጯ እንደ ዳቦ ነፋ አለ። ሲስተር በየወሩ በሚዛን ታስቀምጣትና ቁጥሩን ለሁሉም ታነባለች። «ይቺ ልጅ በጡጦ ብቻ ያደገች ናት። ንጽሕና፣ ልክ ያለው ዱቄት፣ በደንብ የተያዘ ደብተር። በአገሬ ካሉት የቀን እናቶች ሥራነሽ በምንም አታንስም» አለች። ሴቶቹ ዞረው አዩኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ጨዋነት መሰላቸው።

ነገሩ በእኔ ቤት ቢቀር ኖሮ እስከ ዛሬም ዝም ባልኩ ነበር። ማንጠግቦሽ ደምለው የሚባል የአምስት ወር ሕፃን ታውላለች። እናቱ የጦር ሰፈር ወጥ ሠሪ ናት፤ ሌሊት ወጥታ ማታ ብትመለስም ጡቷ ደህና ነበር፣ ማታና ሌሊት ታጠባው ነበር። አንድ ቀን ማንጠግቦሽ ወደ እኔ መጣችና «ለመዲና ስንት ማንኪያ ነው የምታደርጊላት? ለደምለው እናት ጡቱን ጨርሰሽ ተይው ብያታለሁ። ቅልቅል አይበጅም። መዲና በቆርቆሮው ብቻ አይደል እንዲህ ያማረባት?» አለችኝ።

እዚያው ላይ ልናገር ይገባኝ ነበር። «ሁለት ማንኪያ» አልኳት። ሲስተር ያስተማረችን እንደዚያ ነው፤ ቃል በቃል ደገምኩላት። የልጁ እናት ጡቷን አስራ አደረቀችው።

ማንጠግቦሽ እንጨት ይወደድባታል። ጡጦውን ጠዋት አንዴ ትቀቅለዋለች፣ ቀኑን ሙሉ በዚያው ታጠጣለች። ዱቄቱም ቶሎ እንዳያልቅባት ሁለቱ ማንኪያ አንድ ሆነ። እንዲህ የማታደርግ ሴት ከመካከላችን አልነበረችም። ደምለው በሚያዝያ ተቅማጥ ጀመረው፤ በግንቦት አጥንቱ ይቆጠር ነበር። ሥልጠናው ላይ ጎን ለጎን ስለምንቀመጥ ልጁን ማክሰኞና ዓርብ ከቅርብ አየዋለሁ፤ ጭንቅላቱ ብቻ ነው ያደገው። ማንጠግቦሽ በየጊዜው «ቆርቆሮው አንድ ነው፣ ውኃውም አንድ ነው፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» ትለኛለች። እኔ መዲናን በእቅፌ እንዳትታይ በነጠላዬ እሸፍናታለሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ብናገር ሸምሲያ ልጇን ታጣለች፣ እኔም ሥራውን አጣለሁ። ዝም ብል ይሄ ልጅ ይሞታል። ሳወጣ ሳወርድ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሁለት ሳምንት ለዚያ ልጅ ቀላል ጊዜ አልነበረም።

አንድ ዓርብ ሲስተር ደምለውን ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። ቁጥሩን አላነበበችም። ማንጠግቦሽን አስነሥታ በአስማማው በኩል ትጠይቃት ጀመር። ጡጦውን ትቀቅያለሽ? እጅሽን ትታጠቢያለሽ? ሥራነሽ የምታደርገውን አንቺ ለምን ማድረግ አቃተሽ? ማንጠግቦሽ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። እንደ ተማሪ ቆማ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እመቤቴ ትመስክር፣ ልጁን እወደዋለሁ» አለች።

ተነሣሁ።

«ማንጠግቦሽን ተያት። መዲና ጡጦ ጠጥታ አታውቅም። ጡቴን ነው የጠባችው።»

አስማማው ጣሪያውን ማየት ትቶ እኔን አየኝ። «ልተርጉመው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ተርጉመው። አንድም ቃል እንዳታስቀር» አልኩት።

ሲስተር ሰምታ ደብተሬን አነሣችና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አንድ በአንድ ገለጠችው፤ ፊደሉን ማንበብ ባትችልም ጡጦ የሚለውን ቃል ለይታ ታውቀዋለች። ከዚያ «በአገሬ ደብተር ላይ ውሸት የጻፈች የቀን እናት ሁለተኛ ልጅ አይሰጣትም። የሌላ ሰው ልጅ ማጥባትማ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ በሽታ አለ፣ ሕግ አለ» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ የከፋት ሰው ድምፅ ነበር።

ያን ጊዜ ንዴቴ መጣ። «ሲስተር፣ በአገርሽ ውኃ ከግድግዳ ይወጣል። በአገርሽ ልጅ ጡጦ እምቢ ሲል የሚጠራ ሐኪም አለ። እኔ አራት ቀን ስጠብቅ የምጠራው ማንም አልነበረኝም። ማጥባቴን አልጸጸትም። የምጸጸተው መዋሸቴን ነው፤ በኔ ውሸት የዚህ ልጅ እናት ጡቷን አደረቀች» አልኳት። አስማማው እየተንተባተበም ቢሆን ተረጎመው። ሲስተር እርሳሷን አነሣች፤ ይጻፍ አይጻፍ ግራ ገብቷት መልሳ አስቀመጠችው።

ደምለውን ከሚዛኑ ላይ አንሥቼ ቁጭ አልኩ። ልጁ ለመሳብ እንኳ ጉልበት አልነበረውም፤ አፉ ውስጥ እያለብኩለት ትንሽ ትንሽ ዋጠ። ሲስተር ይሄን አይታ ወደ መስኮቱ ሄደችና ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። ልጁ እስኪጠግብ ድረስ አልዞረችም። ከዚያ በኋላ ስሜን ከዝርዝሩ ሰረዘችው። ይሁን እንጂ ለሴቶቹ «ጡት ያላት እናት ጡቷን አትተው፤ ዱቄቱ ለሌላት ብቻ ነው» ብላ አስጻፈች። በሰኔ ወረቀቱ ለዘጠኙ ሴቶች ሲሰጥ እኔ ደጅ ተቀምጬ ልጆቻቸውን ያዝኩላቸው።

ወሬው ሸምሲያ ዘንድ እኔ አዳራሽ ውስጥ የተናገርኩ ዕለት ደርሶ ነበር። ገበያ ውስጥ ምን ይደበቃል? ከመምሸቱ በፊት መጣች። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም።

«እውነት ነው?» አለች።

«እውነት ነው።»

«ስንት ቀን?»

«ከመጣች ጀምሮ።»

ፊቷ አመድ መሰለ። መዲናን ከመደቡ ላይ አነሣችና አዘለቻት። «ብትነግሪኝ ኖሮ እኔ ነኝ የምወስነው። ስምንት ወር ሙሉ እየሳቅሽ ተቀበልሽኝ፣ እየሳቅሽ ሸኘሽኝ» አለችኝ። በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች፤ ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

አሥር ቀን አልመጣችም። ሮብ ገበያም አልወረደች፣ ጉንደ ወይንም አልሄደች፤ ጨውዋ ቤት ውስጥ እንደተከመረ ቀረ አሉኝ። ልጅቷ በኩባያ የላም ወተትና አጥሚት ትለምዳለች አሉ። እኔ ማንጠግቦሽ የምታውለውን ልጅ ጠዋትና ከሰዓት አጠባለሁ። ደምለው ተቅማጡ ቆመለት፤ በስምንተኛው ቀን ጣቴን ሲይዘኝ ጠንከር ያለ ነበር። ደስ አለኝ፣ እግዜር ይመስገን። ግን አንዱ ቀርቶ አሥር ልጅ ባጠባ የመዲና ሰዓት ሲደርስ ጓዳውን አያለሁ። አጥብታ ያላየች ሴት ይሄን አታውቀውም። አልጠብቃትም፣ አትመጣም፣ እያልኩ የቀሩትን ልጆች እንደ እብድ አጥብ ነበር፤ አንዱን ሁለቴ አጥቤው ጮኸብኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሼህ አሊ ናቸው፣ ሸምሲያ መዲናን አዝላ ከኋላቸው ቆማለች። ሊወስዷት ነው፣ ከመውሰዳቸው በፊት ሊሰድቡኝ ነው የመጡት አልኩ። በርጩማ አቀረብኩላቸው፤ ተቀመጡ። ጢማቸው ነጭ ነው፣ ዓይናቸው ደግሞ ሰው ያሸማቅቃል።

«ስንት ጊዜ አጠባሻት?» አሉኝ።

«በቀን ሦስት ጊዜ፣ ስምንት ወር፣ አባቴ። እሷ አታውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እባክዎን በሷ እንዳይፈርዱባት» አልኳቸው።

«እየጠገበች?»

«እየጠገበች።»

በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «በሃይማኖታችን አምስት ጊዜ ጠግባ ከጠባች አጥቢዋ እናቷ ናት። ክርስቲያን መሆንሽ ይሄን አይለውጠውም። ያ ልጅሽም ወንድሟ ነው። እናትነትሽ ግን ሃይማኖቷን አይነካም፤ ይሄን ቃል ግቢልኝ።»

«ገባሁ።»

«ጥፋትሽ ማጥባትሽ አይደለም። መደበቅሽ ነው። አንቺ ብትሞቺ ወንድምና እህት መሆናቸውን ማን ሊያውቅ ነበር? አድገው ቢጋቡስ?»

አንገቴን ደፍቼ «አባቴ፣ ልጅቷን ይወስዷታል?» አልኳቸው።

«ከእናቷ ነጥቄ? ማነው እንዲህ ያለሽ?» ብለው ወደ ሸምሲያ ዞሩ። ሸምሲያ መሬት መሬቱን አየች። «ብቻዬን ስለሆንኩ ፈርቼ ነው» አለች። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና በትራቸውን ይዘው ተነሡ። «ገበያሽን ሂጂ። ልጅቷ እናቷ ዘንድ ትውላለች» ብለዋት ወጡ።

ሁለታችን ቀረን። ሸምሲያ አንቀልባውን ፈታች፣ መዲናን አወረደችና ሰጠችኝ። «እንኪ። ከዛሬ ወዲያ ጓዳ አትግቢ፣ እዚሁ አጥቢያት» አለችኝ። ጡቴ ገና ሳያት ቀሚሴን አርሶታል። ተቀመጥኩና ገለጥኩላት።

መዲና አየችኝ። ከዚያ ፊቷን አዞረች። አፏን ወደ ጡቴ ባስጠጋው ተገልብጣ ጮኸች፣ ሁለት እጇን ወደ ሸምሲያ ዘረጋች። በሌላው ጎን ሞከርኩ፤ እንደማታውቀኝ ሰው በመዳፏ ደረቴን ገፋችኝ።

«ምን ሆነች?» አልኩ።

ሸምሲያ አጠገቤ ተቀመጠች። «ስትፈልግሽ ነው የከረመችው። በር በሩን እያየች ታለቅስ ነበር፣ ሴት ባለፈ ቁጥር ቀና ትላለች። ከትናንት በስቲያ ነው የተወችው» አለችኝ።

«ምነው ታዲያ ከዚያ በፊት ብትመጪ?»

«ሼህ አሊ ጉንደ ወይን ነበሩ። ወሬውን ከሰው ሳይሰሙ እኔው ልንገራቸው ብዬ እስኪመለሱ ስጠብቅ ነው» አለች፣ እሷም እያለቀሰች።

ልጅቷን መለስኩላትና ቀሚሴን ቆለፍኩ።